እናቴን ቤናኺ ላይ ላውጣት ወይስ ይቅርብኝ?

የመሃል ሜዳው ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አበርዲን ነው ያለሁት፣ ሶስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። እማዬ ከመንዝ ልትጠይቀኝ መጥታለች፣ ሁለት ወር ትቆያለች። ዕድሜዋ ስልሳ ስድስት ነው። ጤናዋ ደህና ነው፣ ጉልበቷን ብቻ አንዳንዴ ያማታል፣ እሱም ቁልቁለት ላይ ነው የሚብስባት። ሱቁን አሳየኋት፣ ባህሩን አሳየኋት፣ ከዚያ በኋላ የቀረን መስኮት ስር ቁጭ ብሎ አውቶቡስ መቁጠር ሆነ።

ባለፈው ሳምንት በባቡር ወደ ኢንቨርነስ ስንሄድ፣ ኢንቨሩሪን አለፍ እንዳልን በስተግራ አንድ ኮረብታ አየች። አናቱ ላይ ድንጋይ የተከመረበት፣ ጎኑ ሐምራዊ እየሆነ ያለ። "ምን ተዘርቶበት ነው?" አለችኝ። ማንም አልዘራውም፣ የዱር አበባ ነው አልኳት። አላመነችኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ቡና ስናፈላ "መቼ ነው የምንወጣው?" ሆኗል ነገሩ።

ኮረብታው ቤናኺ ይባላል (እንግሊዞች መጨረሻውን ማንበብ ያቅታቸዋል፣ እኛ ኸ የምትባል ፊደል ስላለችን ተገላግለናል)። እኔ ራሴ ከሩቅ አይቼው እንጂ ወጥቼው አላውቅም። መኪና የለኝም። መንገዱ ለእሷ ይሆናል? ስንት ሰዓት ይፈጃል? በስኒከር ይቻላል ወይስ ቡት ልግዛላት? ሥራ ቦታ ስጠይቅ "ኦ፣ ቀላል ነው" ነው የሚሉኝ፣ የእነሱን ቀላል ደግሞ አላምነውም።

ጉም በጠዋት፦

ወንድሜ፣ ውሰዳቸው። ግን እንዴት እንደምትወስዳቸው እንነጋገር፣ ምክንያቱም አንተ የምታስበው ችግርና እዚያ የሚገጥምህ ችግር የተለያዩ ናቸው።

እኔ ኢንቨሩሪ አካባቢ ስኖር ቆይቻለሁ፣ ቤናኺን ስንት ጊዜ እንደወጣሁት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። አንድ ጫፍ ብቻ አይደለም ያለው፣ ብዙ አናት ያለው ረጅም ኮረብታ ነው። እናትህ ያዩት ድንጋይ የተከመረበት ሚዘር ታፕ ነው፣ 518 ሜትር። ከፍተኛው እሱ አይደለም። ወደ ምዕራብ ያለው ኦክሰን ክሬግ በአስር ሜትር ይበልጠዋል፣ ግን ቅርጹ ዝም ያለ ስለሆነ ማንም አያየውም። ሁሉም ሰው ቤናኺ ሲል ሚዘር ታፕን ነው የሚያስበው።

ከጎብኚዎች ማዕከሉ መኪና ማቆሚያ ብትነሱ ወደ 400 ሜትር ገደማ ነው ሽቅብ የምትወጡት። መጀመሪያ ጫካ ነው፣ ጥድ ጥድ የሚሸት፣ መንገዱ ለስላሳ። ከዚያ ድንገት ጫካው ያልቅና ሜዳማው ሄዘር ይጀምራል፣ እናትህ ያዩት ሐምራዊ የሚያብበው አጭር ቁጥቋጦ ማለት ነው። እናትህ የሚፈልጉት እዚያ ነው ያለው። መንገዱ ግልጽ ነው፣ ብዙ ቦታ በድንጋይ የተነጠፈ ነው፣ አትጠፉም። እኔ ሳልቸኩል ወጥቼ ለመውረድ ሶስት ሰዓት ይበቃኛል። ለእናትህ አምስት ያዝ።

አስቸጋሪው የመጨረሻው ትንሽ ቁራሽ ነው። አናቱን የከበበ ጥንታዊ የድንጋይ ግንብ አለ፣ ፒክት የሚባሉት የዚህ አገር የድሮ ሰዎች ከሺህ ዓመት በላይ በፊት ምሽግ አድርገው የኖሩበት። ግንቡ በር አለው። ከበሩ በኋላ ትልልቅ የግራናይት ድንጋይ ላይ በእጅም በእግርም ነው የሚወጣው፣ ዝናብ ከነካው ደግሞ ያዳልጣል። እማማን እዚያ ላይ አታውጣቸው። ግንቡ ጋ ነፋስ የማይደርስበት ጥግ አለ፣ እዚያ ይቀመጡ፣ አንተ ሮጠህ ወጥተህ ውረድ። ከግንቡ በርም ቢሆን ግማሽ አበርዲንሻየር ይታያል፣ ምንም የሚቀርባቸው ነገር የለም።

ያለ መኪና፦ ከአበርዲን ኢንቨሩሪ በባቡር፣ ከዚያ ታክሲ። አስር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለመመለሻውም እዚያው ከሾፌሩ ጋር ተነጋገር፣ ታች ስልክ አንዳንዴ አይሰራም።

ሸገር በግላስጎው፦

518 ሜትር ነው ያላችሁት? ይሄ እኮ ዳገት አይደለም፣ ደረጃ ነው 😂 ቦሌ ኤርፖርት ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። የዚህ አገር ትልቁ ተራራ ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ነው፣ አዲስ አበባ ቢመጣ ጉድጓድ ተብሎ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ሁልጊዜ "ስንት ሙንሮ ወጣህ?" ይለኛል፣ ሙንሮ ማለት ከ914 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ ነው፣ 282 አሉ፣ አንድ በአንድ እየወጡ ምልክት ያደርጋሉ። ተወልጄ ያደግሁት ከሁሉም በላይ ነው አልኩት፣ ዝም አለ። እናትህ የመንዝ ሰው ናቸው አይደል? በነጠላ ጫማ ይወጡታል፣ አትጨናነቅ።

ጉም በጠዋት፦

ነጠላ ጫማ አታድርግላቸው እባክህ።

የሊዝ ዳሩ፦

@ሸገር በግላስጎው ወንድሜ እንደ አንተ አስቤ ነበር እኔም፣ ስለዚህ ታሪኬን ልንገርህ።

ኤድንበርግ ነው የምኖረው። ከከተማው ጫፍ ፔንትላንድ የሚባሉ ኮረብቶች አሉ፣ ትልቁ ስካልድ ሎው 579 ሜትር ነው። እነሱም በሄዘር የተሸፈኑ ናቸው። በጥቅምት አራት ሆነን፣ አራታችንም የአዲስ አበባ ልጆች፣ አንዱ ደግሞ እንጦጦን በየሳምንቱ ይሮጥ የነበረ፣ ፍሎተርስቶን መኪናችንን አቁመን ወጣን። ጂንስ ሱሪ። ስኒከር። አንድ ፓኬት ብስኩት። ስንነሳ ፀሐይ ነበረች እኮ! ጫፍ ልንደርስ ስንል ጉሙ መጣ። እንዳትሉኝ ጉም አይተን እናውቃለን፣ አውቃለሁ፣ ጣርማ በር ላይ ጉም አይቻለሁ። ግን እዚያ መንገድ አለ፣ ሰው አለ፣ ቤት አለ። እዚህ ዛፍ እንኳ የለም። የምታየው የራስህን እግርና ቡናማ ሄዘር ብቻ ነው፣ ሁሉም አቅጣጫ አንድ ዓይነት። ከዚያ ካፊያው ጀመረ፣ ጂንሱ ውሃ ጠጣ፣ ነፋሱ ደግሞ ዝም ብሎ አያልፍህም፣ ውስጥህ ገብቶ ይቀመጣል። ጓደኛችን ጥርሱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ በኋላ መንቀጥቀጡን አቆመና ዝም አለ፣ ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

ወረድን። በየት እንደወረድን አናውቅም። ጉሙ ሲገለጥ ባለርኖ ነን። መኪናው ከኮረብታው በዚያ በኩል፣ እኛ በዚህ በኩል! በ44 ቁጥር አውቶቡስ ረጥበን እየተንጠባጠብን ወደ ከተማ ገባን፣ መኪናዋን በማግስቱ ነው ያመጣናት። እስከ ዛሬ ድረስ ጓደኞቼ "579" ብለው ይጠሩኛል።

እና ሜትሩን ተወው። ከፍታው አይደለም የሚጎዳህ። መንዝ 3,000 ሜትር ላይ የኖረ ሰው እዚህ ሳንባው አይቸገርም፣ አየሩ ወፍራም ነው፣ እንደውም ከአንተ ቀድመው ነው የሚሄዱት። እዚህ የሚጎዳው እርጥበትና ነፋስ አንድ ላይ ሲመጡ ነው። አገራችን ብርዱ ደረቅ ነው፣ ፀሐይ ስትወጣ ይረሳል። እዚህ የረጠበ ሰው እስኪመሽ አይደርቅም።

ሸገር በግላስጎው፦

እሺ 579 😂 ነጠላ ጫማውን አንስቻለሁ።

የመሃል ሜዳው ልጅ፦

አመሰግናለሁ፣ በጣም ነው የጠቀማችሁኝ። ጂንስ ልለብስ ነበር።

አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። አሁን ፍልሰታ ነው። እማዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፣ ውሃም አትቀምስም። ሐምራዊው ደግሞ አሁን ነው የሚደምቀው ይሉኛል፣ ነሐሴ ሲያልፍ ይጠፋል ብለው አስፈራሩኝ። ጾማ ትውጣ ወይስ አበባው ያምልጠን? እሷን ብጠይቃት "ጾሜም ኮረብታውም ይቻላል" ነው የምትለኝ።

እህተ ማርያም፦

ወንድም ዓለም፣ እናትህ ይችላሉ፣ እሱን አልጠራጠርም። እናቴም ጾማ ውሃ ትቀዳ የነበረች ሴት ናት። ግን ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው፣ ውሃ ሳይጠጡ፣ አምስት ሰዓት፣ በማያውቁት አገር! ቁልቁለቱ ላይ ቢዞርባቸውስ? አንተ ተሸክመህ ታወርዳቸዋለህ?

ፍልሰታ በእነሱ ኦገስት 22 ይፈታል። ሄዘሩ እስከዚያ አይሸሽም። እኔ በኦገስት መጨረሻ ሳምንት ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ እንደውም ከኦገስት አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ነው ምርጡ ጊዜ። ከፍቺው በኋላ ያለውን ቅዳሜ ያዙ። በጥጋብ ውጡ።

ስንቅ፦ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ ከተቻለ ድርቆሽ ፍርፍር በክዳን ዕቃ፣ ሻይ በፔርሙዝ። ሙዝም ያዙ። ዶሮ ወጥ እንዳትይዙ፣ አንዴ ይዘን ወጥተን ነፋሱ ክዳኑን ወስዶ ነጭ ጃኬት ላይ... ተወው። በሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ሄዘሩ ውስጥ ብሌቤሪ የሚሉት ጥቁር ሰማያዊ ፍሬ አለ፣ ትንሽ ነው፣ ይበላል፣ ምላስ ያጠቁራል። እናትህ ካዩት አይነሱም ከእዚያ።

ልብስ፦ ጋቢያቸውን እንዳትከለክል! ብዙ ልጆች እናታቸውን ሲያወጡ ጋቢ አውልቂ፣ ጃኬት ልበሺ ይላሉ። ጋቢውን ከውስጥ፣ ውሃ የማያስገባውን ጃኬት ከላይ፣ ሰፊውን ግዛ። ጥጥ ከረጠበ ጠላት ነው፣ እስካልረጠበ ግን ጋቢ የመሰለ የለም፣ ቁጭ ሲሉ ይለብሱታል። ሱሪ ካልለበሱ ከቀሚሱ ስር ወፍራም ታይት፣ ረጅም ካልሲ። ጫማው ሶሉ ጥርስ ያለው ይሁን እንጂ ውድ ቡት አያስፈልግም። አዲስ ከሆነ ግን ቤት ውስጥ ሳምንት ይልበሱት፣ ቁስል ይዞ ከመውረድ።

አስታ፦

ልግባ እኔም፣ ምክንያቱም እናትህ የመንዝ ናቸው ስትል ፈገግ አልኩ። ሄዘርን እሳቸው ያውቁታል። ስሙን አያውቁት ይሆናል እንጂ ቤተሰቡን ያውቁታል። አስታ! መንዝ ጓሳ ላይ ያለው አስታ የዚህ የሄዘር የሥጋ ዘመድ ነው። ልዩነቱ አገራችን አስታ ዛፍ ይሆናል፣ ማገዶ ይሆናል፣ እዚህ ከጉልበት አያልፍም። የአበባውም ቀለም ይለያል፣ የእኛው ነጭ ነው፣ የዚህ ሐምራዊ። ቤናኺ ላይ በደንብ ካየህ ደግሞ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በሐምሌ ቀድሞ የሚያብበው ደማቁ ደወል መሳይ አበባ ያለው አንዱ ነው፣ ኮረብታውን ሙሉ የሚያለብሰው ፈዘዝ ያለውና ትንንሹ ሌላው። እርጥብ ቦታ ላይ የሚበቅል ሶስተኛም አለ።

እናትህ እርግጠኛ ነኝ "ዛፉን ማን ጨረሰው?" ይሉሃል። እናቴ እንዲያ ነው ያለችኝ። መልሱን አዘጋጅ፦ ሰው ነው። ይሄ ባዶ ኮረብታ ድሮ ብዙው ጫካ ነበር። በሺህ ዓመታት ተቆረጠ፣ ተቃጠለ፣ በግና አጋዘን ችግኙን ጨረሰ። ብዙ የስኮትላንድ ኮረብታ ላይ ደግሞ ግራውስ የምትባል ቆቅ መሳይ ወፍ ለአደን ስለምትፈለግ ሄዘሩን ሆን ብለው በየተራ ያቃጥሉታል፣ ወፏ ለጋውን ትበላለች፣ ያረጀው ውስጥ ትደበቃለች። ከሩቅ ስታየው ኮረብታው የተጣፈ ብርድ ልብስ የሚመስለው ለዚያ ነው። አደኑ ኦገስት 12 ይጀምራል። ቤናኺ ላይ ይሄ አያሰጋህም፣ ሌላ ቦታ ስትሄድ ግን ምልክት ካየህ አንብብ።

ሁለተኛ ጥያቄያቸው "የማን መሬት ነው? ባለቤቱ አይቆጣም ወይ?" ይሆናል። አይቆጣም፣ መቆጣትም አይችልም። በእነሱ አቆጣጠር በ2003 የወጣ የመሬት ሕግ አለ፣ ስኮትላንድ ውስጥ ማንም ሰው በሥነ ሥርዓት እስከሄደ ድረስ የግል ኮረብታ ላይም መራመድ መብቱ ነው። እንግሊዝ አገር እንዲህ ሰፊ አይደለም።

ግን የቤናኺን ታሪክ ለመንዝ ሰው ሳትነግር አትውረድ። ቤናኺ የወል መሬት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መሬት ያጡ ድሆች ሥሩ ላይ ሰፈሩ፣ ድንጋይ ለቅመው ቤት ሠሩ፣ ድንጋይ ይጠርባሉ፣ ትንሽ ያርሳሉ፣ ለማንም ግብር አይከፍሉም። በ1859 ዙሪያውን ያሉት ባለርስቶች ተሰብስበው ኮረብታውን ለራሳቸው ተከፋፈሉት። ሰፋሪዎቹ አንድ ቀን ነጻ ሰው፣ በማግስቱ ጭሰኛ። ኪራይ ያልቻለው ወጣ። የመጨረሻው እዚያ የቀረው ሰው በ1939 ነው የሞተው። የቤቶቻቸው ፍርስራሽ ከጎብኚዎች ማዕከሉ በሚነሳው መንገድ ጫካው ውስጥ አሁንም አለ፣ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ለብሶ። ጓሳ ደግሞ በቄሮ ሥርዓት፣ ሕዝቡ ራሱ ሣሩ መቼ ይታጨድ፣ መቼ ይዘጋ እያለ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጠበቀው የወል መሬት ነው። እናትህ ይሄን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ መጥተህ ንገረኝ፣ በእውነት ማወቅ እፈልጋለሁ።

የመጨረሻ፣ ከርዕስ ውጪ፦ በኦገስት ንብ አርቢዎች ቀፏቸውን ወደ ሄዘሩ ይወስዳሉ። የሄዘር ማር ቀፎው ውስጥ ይረጋል፣ እንደ ጄሊ ነው፣ ካላማሰልከው አይፈስም። ጠጅ ሞክሬበታለሁ። መራራነት አለው፣ ጌሾውን ቀንስ። ውድ ስለሆነ ሁለተኛ አልሞከርኩም።

ጉም በጠዋት፦

@አስታ ጠጁን ሳትጋብዝ!

@የመሃል ሜዳው ልጅ ሁለት ነገር ረሳሁ። አንድ፣ መዥገር። ሄዘርና ፈርን ውስጥ ሞልቷል፣ ከመንገድ አትውጡ፣ ሱሪ ካልሲ ውስጥ ይከተት። ሁለት፣ እፉኝት። አለ፣ ስኮትላንድ ውስጥ ያለ ብቸኛ መርዛማ እባብ ነው፣ ፀሐይ ላይ ይተኛል፣ ሰው ሲሰማ ይሸሻል፣ እኔ በስንት ዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። ይሄን ለእናትህ አትንገር።

ክፉ ነገር ከገጠመ 999 ደውለህ መጀመሪያ ፖሊስ፣ ከዚያ የተራራ ነፍስ አድን ነው የምትለው። አምቡላንስ ብቻ ካልክ ኮረብታ ላይ መሆንህን እስኪረዱ ጊዜ ይሄዳል።

ሸገር በግላስጎው፦

እፉኝት?? እኔ ከዛሬ ጀምሮ በደረጃ ብቻ ነው የምወጣው።

ደቦ፦

እኔ ትንሽ ልቃወም። ሁላችሁም ቤናኺ ቤናኺ ትላላችሁ፣ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሴት ግን ለመጀመሪያ ቀን ብዙ ነው። አበርዲን ጫፍ ላይ ብሪመንድ ሂል አለ፣ 266 ሜትር፣ እስከ አናቱ አስፋልት ነው፣ ላዩ ላይ የቴሌ ምሰሶ አለ፣ ዙሪያው ሄዘር። መጀመሪያ እዚያ ሞክሯቸው። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ፊታቸውን እየው፣ ካማራቸው ቤናኺ፣ ካላማራቸው እዚያው ላይ ቡና ጠጥታችሁ ተመለሱ። ሚዘር ታፕ የትም አይሄድም። ባንኮሪ ጋ ያለው ስኮልቲም ጥሩ ነው፣ 299 ሜትር፣ ላዩ ላይ በ1840 የተሠራ ማማ አለው።

የሊዝ ዳሩ፦

@ደቦ ልክ ነው። የእኔም ምክር ብትጠይቁኝ ይሄ ነበር፣ ግን 579 ብላችሁ አትሰሙኝም።

የመሃል ሜዳው ልጅ፦

ተመልሻለሁ። ረጅም ነው፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ የደቦን ምክር ሰምቼ ብሪመንድ ወሰድኳት፣ ገና በጾሙ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ። አስፋልቱን ስታይ ቅር አላት። "ይሄማ መንገድ ነው" አለች። ጉልበቷ ግን ደህና ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ፣ ፍልሰታ በተፈታ ማግስት፣ ቤናኺ።

ታክሲው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ (በኛ) አወረደን። የገዛሁላትን የብረት ዱላ አየችው፣ መለሰችልኝ፣ ጫካው ውስጥ ከወደቀ ግንድ አንድ ቅርንጫፍ አንስታ መሬት ላይ ሁለት ጊዜ ሞከረችና ያዘች። የሰፋሪዎቹን ፍርስራሽ ቤት አሳየኋት፣ የአስታን ታሪክ ነገርኳት። ግድግዳውን በእጇ ነካ ነካ አደረገችው። "ምድጃው የት ጋ ነበር?" አለችኝ። አላውቅም። ራሷ ፈልጋ አገኘችው፣ የጠቆረ ድንጋይ። ስለ ባለርስቶቹ ስነግራት ብዙም አልተገረመችም። ያስገረማት ጓሳን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ነው ማለትህ ነው @አስታ፣ "ማን ቆጠረው?" ብላለች።

ጫካው አልቆ ሄዘሩ ሲከፈት ቆመች። እኔ ፎቶ ላነሳት ስልኬን ሳወጣ ጎንበስ ብላ አንድ ቅርንጫፍ ሰበረች፣ ቅጠሉን በጣቷ አሸችው፣ አሸተተችው። "አስታ ነው። ምን አሳጠረው?" አለች። ምንም ሳልነግራት! ነፋስ ነው አልኳት። "በግ ነው" አለች።

ነፋሱ እንዳላችሁት ነው። ታች ሹራብ ብቻ ለብሼ ላብ በላብ ነበርኩ፣ ላይ ጆሮዬ ጠፋ። ጋቢ ከውስጥ ጃኬት ከላይ፣ እህተ ማርያም እግዜር ይስጥሽ፣ እሷ ከእኔ ይልቅ ሞቋታል። ግንቡ በር ጋ ጥግ ይዛ ቁጭ አለች፣ እኔ ወጣሁ፣ ባህሩ ድረስ ይታያል፣ ሁለት ደቂቃ ቆሜ ወረድኩ፣ መቆም ስለማይቻል። ስመለስ ከአንድ ትልቅ ሰውዬ ጋር ዳቦ ቆሎ እየበሉ አገኘኋት። ምን አወሩ አታውቅም፣ እሱም አያውቅም። ሰውዬው "ፊት ላይክ?" አለኝ፣ የዚህ አገር "እንዴት ነህ" ነው፣ እማዬ በአማርኛ ስለ ፊቴ እያወራ መሰላት።

ያልጠበቅሁት ቁልቁለቱ ነው። ሽቅብ ሁለት ሰዓት፣ ቁልቁል ሁለት ሰዓት ተኩል! ድንጋይ የተነጠፈበት ደረጃ ጉልበቷን በላው፣ በጎን በጎን ነው የወረደችው፣ በየሃምሳ እርምጃው ማረፍ። ታክሲውን ለስምንት ሰዓት ነበር የቀጠርነው፣ ደርሰን የለም። ስልኬ መስመር የለውም። አርባ ደቂቃ በእግር ወደ መንገድ ልንወጣ ስንል አንዲት ሴት ውሻ ይዛ መጥታ ኢንቨሩሪ አደረሰችን። ስለዚህ የሚወስድ ሰው ካለ ታክሲውን አንድ ሰዓት አስረዝሞ ይቅጠር።

አሁን ችግር። ማታ እግሬን ስታጠብ ቁርጭምጭሚቴ ላይ መዥገር አገኘሁ። አጭር ካልሲ ነበር ያደረግሁት፣ እሷን አስከትቼ ራሴን ረሳሁ። እማዬ ቅቤ ልትቀባው ነው፣ ሲታፈን ራሱ ይለቃል ትላለች፣ ከብት ላይ እንዲያ ነው የምናደርገው ትላለች። ልፍቀድላት?

ጉም በጠዋት፦

አይሆንም!! ቅቤም ቫዝሊንም ክብሪትም አይደረግም። ሲጨነቅ ሆዱ ውስጥ ያለውን ወደ ደምህ ሊተፋው ይችላል። ጫፉ ቀጭን የሆነ ወረንጦ ወስደህ ቆዳህን ነክቶ አፉ ጋ ያዘው፣ ሳትጨፈልቅ ቀጥ አድርገህ ቀስ ብለህ ሳበው። ከዚያ በሳሙና እጠበው፣ ቀኑን ጻፍ። ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ቦታው ላይ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ከመጣ ወይም እንደ ጉንፋን ካደረገህ ሐኪም ጋ ሂድ፣ መዥገር ነክሶኝ ነበር በል። ላይም የሚባል በሽታ ነው፣ ቶሎ ከተያዘ በአንቲባዮቲክ ይድናል። እናትህንም ፈትሻቸው፣ ከጉልበት ጀርባና ብብት።

የመሃል ሜዳው ልጅ፦

በወረንጦ ወጣ፣ ሙሉውን። እማዬ ናት ያወጣችው፣ የእኔ እጅ ተንቀጠቀጠ። እሷ ላይ ምንም የለም። ቅቤውን ጉልበቷ ላይ ቀባችው።

@ደቦ ስኮልቲ ማማ አለው ያልከውን ሰምታለች። ባንኮሪ ድረስ አውቶቡስ እንዳለ አይቻለሁ፣ ከፌርማታው እስከ ኮረብታው ግን በእግር ይደረሳል?